የአርሰናል እጅጌ ላይ ምን ልንጽፍ ነው?

አርሰናልና ሩዋንዳ ሊለያዩ ነው የሚለው ዜና ኅዳር 2018 ላይ ከወጣ ወዲህ አንድ ሐሳብ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ሰነበተ። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን በአንድ ኤፍኤም ሬዲዮ የስፖርት ፕሮግራም ላይ የተጋበዙ እንግዳ ኮስተር ብለው ሲናገሩት ሰማሁ። ሐሳባቸው በአጭሩ ይኸው ነው። «ቪዚት ሩዋንዳ» የሚለው ጽሑፍ ከአርሰናል ማሊያ እጅጌ ላይ ሊነሳ ነው። ቦታውን ኢትዮጵያ ትውሰደው። ሩዋንዳን የምታህል ትንሽ አገር ያደረገችውን እኛ እንዴት ያቅተናል? ዓለም እኮ አያውቀንም። ካወቀንም በረሃብ ነው። ጋዜጠኛው «ትልቅ ሐሳብ ነው» ብሎ አጀባቸው። ከዚያ ማስታወቂያ ገባ። እኔም ደሜ እንደፈላ ቀረሁ።

«ዓለም አያውቀንም» ከሚለው ልጀምር። ይህን ያለው የጎዳና ሰው ቢሆን ዝም ብዬ አልፈው ነበር። የስፖርት ሰው ተብሎ ማይክ የተሰጠው ሰው ሲለው ግን ያሳፍራል።

የሮም ማራቶን የተሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። የክቡር ዘበኛው አበበ ቢቂላ 42 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። የጣሊያን ጦር ከአክሱም ነቅሎ የወሰደው ሐውልት ያኔ ሮም ውስጥ፣ እዚያው የሩጫው መንገድ ላይ ቆሞ ነበር። አበበ በአጠገቡ አልፎ ሄደ። ለዚያ ምሽት መንግሥት ለማን ስንት ከፈለ? ለማንም፣ ምንም። እጅጌ መከራየት ቀርቶ ሰውየው ጫማ እንኳ አላደረገም።

ቶኪዮ ደግሞ አለ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት አልሞላውም። 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሮጦ ስታዲየም ገባ። ሌሎቹ ገና መንገድ ላይ ናቸው። እሱ ሣሩ ላይ ተጋድሞ ሰውነቱን ያፍታታል። የሽልማቱ ሰዓት ሲደርስ ባንዱ መዝሙራችንን ስላላወቀው የጃፓንን መዝሙር ነፋ። መዝሙራችንን የማያውቅ አገር ሰውየውን ግን አውቆት ነበር። ዛሬም ድረስ ዕድሜው ለገፋ ጃፓናዊ «ኢትዮጵያ» ብትሉት «አበበ» ይላችኋል። ይህን ለማግኘት ስንት እጅጌ መከራየት ነበረብን?

«ካወቀንም በረሃብ ነው» ለሚለው መልስ አለኝ። አዎ፣ ጥቅምት 1977 ላይ ከኮረም የተላለፈው የቢቢሲ ዘገባ ለዓለም የሰጠው ምስል አልጠፋም። የእንግሊዝ ዘፋኞች የዚያኑ ዓመት የፈረንጅ ገና ሲቃረብ ያወጡት የእርዳታ ዘፈን አለ። ያንኑ ዘፈን ከ40 ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 2017፣ እንደገና ቀላቅለው አውጥተውታል። እነሱ አይሰለቻቸውም። ግን ልብ በሉ፤ ያንን ምስል የፈጠረው ማስታወቂያ አይደለም። ሰው በዓይኑ ያየው ነገር ነው። በዓይን የታየን ነገር የሚያስረሳው ደግሞ ሌላ በዓይን የሚታይ ነገር ብቻ ነው።

ከኮረም ስምንት ዓመት በኋላ ባርሴሎና ላይ የታየው ያ ነው። ደራርቱ ቱሉ 10 ሺህ ሜትሩን አሸነፈች። ከዚያ ሁለተኛ የወጣችውን ነጯን ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ሜየርን እጇን ይዛ ሜዳውን ዞረች። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ከኦሊምፒክ ተባርራ የተመለሰችው በዚያ ዓመት ነበር። ዘረኛው መንግሥት በአፍሪካ እግር ኳስ ድርሽ እንዳይል ዕድሜ ልካቸውን ሲከራከሩ የኖሩት የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ፕሬዚዳንት ይድነቃቸው ተሰማም የእኛው ሰው ነበሩ። በሩን ዘግቶ የያዘው ኢትዮጵያዊ፣ ሲከፈት እጅ የዘረጋችውም ኢትዮጵያዊት። ይህን ታሪክ የትኛው የማስታወቂያ ድርጅት ይጽፍላችኋል? የትኛውስ እጅጌ ይበቃዋል?

እሺ፣ ያለፈውን እንተወው። እንግዳው «አሁን ዘመኑ የማስታወቂያ ነው» ይሉኝ ይሆናል። የሌላ አገር ስም ሰው ልብ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ማየት የፈለገ ሰው ለንደን ድረስ መድከም የለበትም። ቅዳሜ ማታ የሰፈሩ ዲኤስቲቪ ቤት ጎራ ይበል።

በሩ ላይ ጥቁር ሰሌዳ አለ። በጠመኔ «አርሰናል ከቼልሲ፣ ምሽት 2፡30» ተብሎ ተጽፏል። መግቢያ ከፍላችሁ ትገባላችሁ። አግዳሚው ጠባብ ነው፤ ጉልበት ከጉልበት ይጋጫል። ሻይ በብርጭቆ፣ ኦቾሎኒ በወረቀት ተጠቅልሎ ይዞራል። ግማሹ ቀይ ለብሷል። ከመርካቶ የተገዛ ፌክ ማሊያ ነው፤ እጅጌው ላይ ግን «ቪዚት ሩዋንዳ» የሚለው አልቀረም። የኪጋሊ ሰዎች ይህን ቢያዩ ደስ ሳይላቸው አይቀርም። ነጋዴው በነጻ አስተዋውቆላቸዋል።

ባለፈው አጠገቤ የተቀመጠውን ወጣት ጠየቅሁት። ያው ማሊያ ነው የለበሰው።

«ሩዋንዳ ሄደህ ታውቃለህ?»

«ምን ልሠራ፣ ጋሼ?» አለኝ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል።

«ለንደንስ?»

ይኼኔ ዞር ብሎ አየኝ። «ቪዛ አለዎት እንዴ?»

ነገሩ በቃ ይኸው ነው። ክንዱ ላይ ያለችውን አገር አያያትም። ዓይኑ ፊት የሚጫወተው አገር ግን ወስዶታል። ሩዋንዳ በዓመት 10 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ትከፍል እንደነበር በሰፊው ተዘግቧል። እንግሊዝ ለዚህ ልጅ ልብ ስንት ከፈለች? ምንም። እንዲያውም ልጁ ነው የከፈለው። የበሩን ከፍሏል። የቤቱ ባለቤት ደግሞ የወር ክፍያ ለዲኤስቲቪ ይከፍላል፤ ያ ገንዘብ ዞሮ ዞሮ ለፕሪምየር ሊጉ የቴሌቪዥን መብት ይውላል። እንግሊዝን ለማድነቅ የምንከፍለው እኛ ነን። ገጽታ ግንባታ ማለት ይህ ነው። ሌላው ፖስተር ነው።

ጎንደርን በዓይኑ ያላየ ሰው አንፊልድ የት እንዳለ ይነግራችኋል። የማንቸስተርን ሁለት ክለቦች ደጋፊዎች በምን እንደሚለያዩ ይተነትንላችኋል። ስለ እንግሊዝ ዝናብ፣ ስለ እንግሊዝ ዳኛ፣ ስለ እንግሊዝ ጋዜጣ ሐሜት ያውቃል። የእንግሊዝ ኤምባሲ በጠቅላላ ታሪኩ የጋበዘው ሰው ቢደመር አንድ የደርቢ ማታ አንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ የሚጮኸውን ሕዝብ አያክልም። ማስረጃ አምጣ ብትሉኝ አላመጣም። ቅዳሜ ውጡና ቁጠሩ።

እኔም ከዚህ የጸዳሁ አይደለሁም። ከካኑ ዘመን ጀምሮ የአርሰናል ደጋፊ ነኝ። ለዚህ ነው ነገሩ የሚያንገበግበኝ።

ምክንያቱም ይቺው እንግሊዝ ናት መቅደላ ድረስ መጥታ የነበረችው። 1860 ዓ.ም. ነው። አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሠዉ። ጦሩ ከአምባው የዘረፈውን ብራና፣ ዘውድና ታቦት በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ ወረደ። ከታቦቶቹ 11ዱ ዛሬም ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ማንም በማያያቸው ክፍል ተቆልፎባቸዋል። የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁም አብሮ ተወሰደ። በ18 ዓመቱ እዚያው ሞቶ ዊንዘር ቤተ መንግሥት ውስጥ ባለው ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ዐፅሙ ይመለስ ተብሎ ሲጠየቅ፣ የሌሎችን ዕረፍት ሳንረብሽ ማውጣት አይቻልም የሚል መልስ ከእንግሊዝ ቤተ መንግሥት መጣ። ግንቦት 2015 ነበር።

ያን ሰሞን ሌላም ነገር ሆነ። አርሰናል በኖቲንግሃም ፎረስት ተሸንፎ ዋንጫውን ለማንቸስተር ሲቲ አስረከበ። ሰፈራችን ለቅሶ ቤት መሰለ። ሰው እንጀራ አልበላ አለው። ልጆች ማሊያቸውን አውልቀው ወረወሩ። ለልዑሉ አይደለም። ለልዑሉ ያለቀሰ አላየሁም። ዜናውን የሰማ ራሱ ጥቂት ነው።

ይህን የምለው ልጆቹን ለመውቀስ አይደለም። ኳስ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ለማሳየት ነው። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ቁስል ላይ 90 ደቂቃ ጨዋታ ሲደረብበት ቁስሉ አይታይም። እንግሊዝ ይቅርታ አልጠየቀችም። ሙዚየሟ ውስጥ የቆለፈችውን ታቦት አልመለሰችም። ዐፅም አልሰጠችም። ያም ሆኖ የወለድነውን ልጅ ቀይ አልብሰን ፎቶ እንለጥፋለን። የትኛው አምባሳደር፣ የትኛው ብድር፣ የትኛው የእርዳታ ስንዴ ነው እንዲህ ያለ ምሕረት የሚገዛው? እንግሊዞች ይህንን ያገኙት «እንግሊዝን ጎብኙ» ብለው የሌላ አገር ክለብ ደረት ላይ ስለለጠፉ አይደለም። የራሳቸውን ሜዳ አብርተው፣ የራሳቸውን ጨዋታ አሳምረው፣ በራቸውን ከፍተው «እዩን» ስላሉ ነው። የዓለምን ተጫዋች እነሱ ጋ አመጡ። እኔን ራሴን ወደ ለንደን የሳበኝ ናይጄሪያዊው ካኑ ነው እኮ!

ቱርክንም እዩ። በትምህርት ቤት ታሪካችን ቱርክ የምትነሳው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ለኢማም አሕመድ ጠመንጃና ተኳሽ ስትልክ፣ ኋላም ምጽዋን ስትይዝ ነበር። ከዚያ ውጪ ስለ ቱርክ ማን ምን ያውቅ ነበር? 2008 ላይ ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ ድምፅ የተተረጎሙ የቱርክ ድራማዎችን ይዞ መጣ። ወዲያው ቤቱ ሁሉ ቱርክኛ ሸተተ። እናቶቻችን የቦስፎረስን ድልድይ ከቀበና ድልድይ እኩል አወቁት። ሶፋው የቱርክ፣ መጋረጃው የቱርክ፣ የሰርጉ ቀሚስ የቱርክ ሆነ። የአገር ውስጥ የፊልም ባለሙያዎች ያኔ ተቆጥተው ነበር። ቁጣቸው ቢገባኝም መፍትሔያቸው አልገባኝም፤ ዝጉልን ማለት ድራማ አይሠራም። ለነገሩ ያ ድራማ የሚያሳየው ቱርክም እውነተኛው ቱርክ አይደለም። ሁሉም ሰው ባሕር ዳር ቪላ ያለው፣ ሁሉም ሰው ወይ ሀብታም ወይ የሀብታም ፍቅረኛ የሆነበት አገር የለም። ግን ሰው አመነው። አንካራ ለዚህ እጅጌ አልተከራየችም። ድራማውን ሸጣ ገንዘቡን ቆጠረች።

ራቅ አድርጌ አልውሰዳችሁ። ጎረቤታችን ኤርትራ አለች። በአውሮፓ ዜና የኤርትራ ስም ሲነሳ ከጀልባና ከስደት ጋር ነበር። በ2016 ክረምት የአስመራው ልጅ ቢኒያም ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ዙር አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ይዞ ገባ። በዚያ ውድድር ዙር ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ነው። የፈረንሳይ የገጠር መንገድ ዳር የኤርትራ ባንዲራ ይውለበለብ ነበር። ስለ ስደተኛ ካልሆነ ስለ ኤርትራ አውርተው የማያውቁ ኮሜንታተሮች ስለ አስመራ ዳገትና ስለ ብስክሌት ባህሏ ሲተርኩ ሰማናቸው። የኤርትራ መንግሥት ለዚህ ምን ከፈለ? በዚህች ጉዳይ እንኳ ከጎረቤት መማር ያቅተናል?

ወደ ሩዋንዳ ልመለስ፤ እንግዳው የጠሯት ምሳሌ እሷ ናትና። ሩዋንዳ ከ2010 ጀምሮ አርሰናል እጅጌ ላይ ነበረች። ጎብኚ አምጥቶላታል ይባላል። ይሁን፣ አልከራከርም። ጎሪላ ያለው አገር ጎብኚ ይመጣለታል። ግን ጥር 2017 ላይ ኤም 23 የተባለው ታጣቂ ቡድን የምሥራቅ ኮንጎዋን ከተማ ጎማን ሲይዝ ምን ሆነ? የኮንጎ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ለአርሰናል፣ ለፓሪስ ሴንት ዠርመንና ለባየር ሙኒክ ደብዳቤ ጻፉ፤ ይህ ገንዘብ ደም የነካው ነውና ተዉት አሉ። ሩዋንዳ ታጣቂዎቹን አልደግፍም ትላለች፤ የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች ትደግፋለች ይላሉ። የአርሰናል ደጋፊዎች ደግሞ ተደራጅተው «ከሩዋንዳማ ቶተንሃምን ብንጎበኝ ይሻላል» የሚል የሹፈት ዘመቻ ጀመሩ። የአርሰናል ደጋፊ የሰፈር ባላንጣውን ቶተንሃምን ልጎብኝ ሲል ነገሩ የት እንደደረሰ ለኳስ ሰው አይነገረውም።

እንግዲህ ይህ ነው የተገዛ ስም ዕጣው። ገንዘብ ከፍለህ ስምህን በሰው ክንድ ላይ ስትለጥፍ፣ ስለ አንተ የሚባለውን ሁሉ አብረህ ትለጥፋለህ። ጎማ ባይታወቅ ኖሮ የኤምሬትስ ስታዲየም ደጋፊ ስለ ጎማ አይጠይቅም ነበር። እጅጌው ነው ጥያቄውን የጋበዘው። የሚገርመው ደግሞ ኮንጎም ዞራ የሚላንና የባርሴሎና ስፖንሰር ሆነች። ሩዋንዳም ከለንደን ስትወጣ የሎስ አንጀለስ ክለቦች ጋ ገብታለች። ሁለት ጎረቤታሞች ጠባቸውን በአውሮፓ ማሊያ ላይ ይጨርሱት ጀመር። እኛ ሦስተኛ ሆነን እንግባ ነው የሚባለው?

እኛስ የሚጠየቅ ነገር የለንም? ስማችን እጅጌው ላይ በወጣ በሳምንቱ ስለ ትግራይ፣ ስለ አማራ፣ ስለ ኦሮሚያ የሚጠይቅ ጋዜጠኛ የስታዲየሙ በር ላይ አይቆምም? ለንደን ያለው ወገናችን ሰልፍ መውጣት እንደሆነ አዲሱ አይደለም። ያኔ እኚህ እንግዳ ተመልሰው ሬዲዮ ላይ ቀርበው «የጠላት ዘመቻ ነው» ይሉናል። በዓመት ከቢሊዮን ብር በላይ ከፍለን የምንገዛው ይህንን ነው።

ከሩዋንዳ መቅዳት ከፈለግን የሚቀዳ ሌላ ነገር አለ። መስከረም 2018 ላይ የዓለም የብስክሌት ሻምፒዮና ኪጋሊ ተካሄደ። በአፍሪካ ምድር የመጀመሪያው ነው። ፖጋቻርን የሚያህል ጋላቢ የኪጋሊን ዳገት ሲወጣ፣ መንገዱ ግራና ቀኝ ሕዝብ ሞልቶ ሲጮህ፣ ዓለም አየ። ከዚያ በፊትም በ2011 ትልቅ የቤት ውስጥ ስታዲየም ሠርተው የአፍሪካን የቅርጫት ኳስ ሊግ አምጥተውበታል። እንግዳው ይህን አላነሱም። ለምን ያነሳሉ? ይህ ልፋት አለበት። እጅጌው ግን ፊርማ ብቻ ነው፤ ፊርማ ካለ ደግሞ የለንደን ጉዞ፣ የክብር ትሪቡን ወንበርና ፎቶ አለ። ክፉ አሳቢ ብትሉኝ አልቆጣም።

አንድ ነገር ልተው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ትኬት ይሸጥልኛል ብሎ አስልቶ የትኛውንም ክለብ ስፖንሰር ቢያደርግ አልጣላውም። እሱ ነጋዴ ነው፤ የአርሰናል ስፖንሰር የሆነው የኤምሬትስ አየር መንገድም ያደረገው ያንኑ ነው። አገር ግን ሌላ ነው።

አሁን የሚያመውን ልናገር። ዋልያዎቹ የሜዳቸውን ጨዋታ የት ነው ሲጫወቱ የከረሙት? የባሕር ዳር ስታዲየም መስፈርት አያሟላም ተብሎ በ2014 መጀመሪያ በካፍ ታገደ። ጋናን «ያስተናገድነው» ጆሃንስበርግ ላይ ነው። መጋቢት 2017 ላይ ግብጽን «ያስተናገድነው» ካዛብላንካ ላይ ነው፤ 2 ለ 0 ተሸነፍን። ባለሜዳው ማን እንደሆነ ስኮርቦርዱ ባይነግራችሁ አታውቁትም።

ያችኑ ግብጽ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ አንስተናል። መንግሥቱ ወርቁ፣ ኢታሎ ቫሳሎ፣ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ። ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበት፣ በራሳችን ሜዳ፣ በራሳችን ሕዝብ ፊት። ካፍን ከመሠረቱት አራት አገሮች አንዷ እኛ ነን። ሦስት ጊዜ ዋንጫውን አስተናግደናል። ከ2014 ወዲህ ግን ሌላ አገር ሜዳ ለምነን ስንጫወት ከርመናል። እንግዲህ እንግዳችን የሚሉን የራሳችንን በር ዘግተን የሰው በር ላይ ስማችንን እንድንጽፍ ነው።

አደይ አበባ ስታዲየም 2008 ላይ ነው የተጀመረው። ከ60 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል ተባለ። ጥቅምት 2017 ላይ አዲስ አበባ በተደረገው የካፍ ጠቅላላ ጉባዔ አገራችን በፈረንጅ አቆጣጠር የ2029ኙን የአፍሪካ ዋንጫ ላዘጋጅ ብላ ጠይቃለች። ጥያቄው መልካም ነው፤ እኔም እደግፋለሁ። ግን ያን ያህል እንግዳ ሊጠራ የሚያስብ አገር አንድ ፓውንድ ቢተርፈው የት እንደሚያውለው ሊጠፋው አይገባም።

ሰው እንደሚመጣ እኮ አይተናል። ኃይሌ በ1994 የጀመረው ታላቁ ሩጫ በየዓመቱ ኅዳር ላይ አዲስ አበባን ያጥለቀልቃታል። ፈረንጁ ቲሸርቱን ለብሶ ከሕዝቡ ጋር እየተጋፋ፣ ዳገቱ ላይ እያለከለከ፣ ውኃ ሲረጩበት እየሳቀ ይሮጣል። ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ያፈራችውን በቆጂን ለማየት አርሲ ድረስ የሚወርድ አለ። ለእነዚህ ሰዎች ኢትዮጵያ ማለት የራሳቸው ላብ ነው። አገራቸው ሲመለሱ የሚያወሩትን ማንም ጽፎ አልሰጣቸውም። ይህን ሦስት እጥፍ ማድረግ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ ላይ ማስፋት ስንት ይፈጃል? ከአንድ ዓመት የእጅጌ ኪራይ ይበልጣል? አይመስለኝም።

እንግዳው ሊጨርሱ ሲሉ «ገንዘቡን ከስፖንሰር ማሰባሰብ ይቻላል» አሉ። እሺ፣ ከተቻለ ይሰብስቡ። መጀመሪያ የስታዲየማችን ወንበር ይተከል፣ መብራቱ ይብራ፣ መልበሻ ክፍሉ ይታደስ፣ የካፍ ተቆጣጣሪ መጥቶ ይፈርምልን። ከዚያ ቀጣዩ የግብጽ ዕጣ ሲደርሰን ካዛብላንካ የሚሄድ የለም። ሳላህ ራሱ ይምጣ። 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ 70ኛው ደቂቃ ሲደርስ ትንፋሽ አጥሮት ጉልበቱን ይዞ ያጎንብስ፤ ትሪቡኑም ይጩህበት። የካይሮ ቴሌቪዥኖች በቀጥታ ያስተላልፉታል፤ የሚከፍሉትም እነሱ ናቸው።